ዋስ ያልተጠራለት ውል፦ የ1964ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት፣ ሰብአዊ መብት እና የአብያተ ክርስቲያናት ሽምግልና

የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሁለት የሱዳን ልዑካን ቡድኖች ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል የዘለቀ ጦርነት የሚያበቃበትን ሰነድ ፈረሙ። አንደኛው ወገን የካርቱም መንግሥት፣ ሌላው የደቡብ ሱዳን ነጻነት ንቅናቄ ነበር። በመካከላቸው ሆኖ የሸመገለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አይደለም፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም አይደለም። ስብሰባውን የመሩት ላይቤሪያዊ ቄስ ነበሩ፤ ከምስክሮቹም የሚበዙት የአብያተ ክርስቲያናትን ድርጅቶች ወክለው የፈረሙ ናቸው። አብያተ ክርስቲያናት የእርስ በርስ ጦርነት ያስቆሙበት ጊዜ በታሪክ ብዙ አይደለም። ይህ አንዱ ነው፤ የተፈጸመውም በከተማችን ነው።

ሰነዱ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለው። የመሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች ዝርዝር በአባሪነት ተያይዞበት ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፍ የሰላም ግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሰብአዊ መብት በስምምነት ውስጥ ይግባ አይግባ ብለው ብዙ አይከራከሩም። በዚያን ዘመን ግን ነገሩ የተለመደ አልነበረም። ይሁንና ውሉ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነትም ከፊተኛው የከፋ ሆነ።

መብቱ ተጽፎ ሳለ ሕዝቡን ለምን አልጠበቀም? መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። በገጠሩ ሽምግልና እንደምናውቀው ሽማግሌዎች ባለ ደሞችን ሲያስታርቁ "ታረቁ" ብለው ብቻ ተነሥተው አይሄዱም። ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። ውል አፍራሽ ቢነሣ ዋሱ ይጠየቃል፤ ሽማግሌዎቹም ተመልሰው ይቀመጣሉ። በአዲስ አበባው ውል መብቱ የተጻፈው ወደፊት ሊደረግ እንደሚገባ ተስፋ ነው፤ ቢጣስ "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ ዋስ አልተጠራለትም። ሸምጋዮቹ አብያተ ክርስቲያናትም ከፊርማው በኋላ በዕርዳታና በመልሶ ማቋቋም ሥራ ብዙ ደከሙ እንጂ በዚያ የዋስ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠቡ ስለ ምን ነበር?

ሱዳን ነጻነቷን ያገኘችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነው። ጦርነቱ ግን ነጻነቱን ቀደመው፤ በቶሪት የነበረው የኢኳቶሪያ ጦር ያመፀው ኦገስት 18 ቀን 1955 ነበር። እንግሊዞች ሲወጡ ከ800 ገደማ የመንግሥት የሥራ መደቦች ለደቡብ ሰዎች የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የደቡቡ ሰው ጌታ ተለወጠ እንጂ ነጻነት አልመጣም አለ።

ከ1958 እስከ 1964 የገዛው የጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ወታደራዊ መንግሥት አገሪቱን በአንድ ቋንቋና በአንድ ሃይማኖት አንድ አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ። በ1960 በደቡብ የሳምንቱ ዕረፍት ከእሑድ ወደ ዓርብ ተዛወረ፤ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ተቃወሙ። በ1962 የወጣው የሚስዮናውያን ማኅበራት ሕግ የወንጌል ሥራን በፈቃድ አሰረው። በ1964 መጀመሪያ ደግሞ የውጭ አገር ሚስዮናውያን በሙሉ ከደቡብ ተባረሩ። ሚስዮናውያኑ ሲወጡ ቤተ ክርስቲያን ትከስማለች ተብሎ ከታሰበ፣ አልከሰመችም፤ በጫካና በስደተኞች ሰፈር አደገች። በጣሊያን ወረራ ዘመን በወላይታ የሆነውን የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም።

ሆኖም ይህን ታሪክ የክርስቲያንና የሙስሊም ጦርነት ብቻ አድርጎ የሚሰብክ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። በጁላይ 1965 በጁባና በዋው የመንግሥት ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ ሃይማኖታቸውን ጠይቀው አልነበረም። ደቡቡ የጠየቀው የአምልኮ ነጻነትን ከዜግነት ክብር፣ ከሥራ ዕድል፣ ከቋንቋና ከሕይወት ዋስትና ጋር አንድ ላይ ነው። በአዲስ አበባው ጠረጴዛ የካርቱምን ልዑካን የመሩት አቤል አሊየር ራሳቸው የደቡብ ተወላጅ፣ የሕግ ሰውና ክርስቲያን ነበሩ። በአንያንያ ታጣቂዎችና በመንግሥት ጦር መካከል በተደረገው በዚህ የመጀመሪያው ጦርነት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

ሸምጋዮቹ ከየት መጡ?

ከወንጌላውያን አገልጋዮች መካከል "ሰብአዊ መብት" የሚለውን ቃል በጥርጣሬ የሚሰሙ አሉ። የዓለም ቋንቋ ነው፣ ሰውን በእግዚአብሔር ስፍራ ያስቀምጣል ይላሉ። ጥርጣሬው በአንዳንድ ዘመናዊ አጠቃቀሙ ላይ ምክንያት አያጣም። ታሪኩ ግን ከዚህ የተለየ ምንጭ እንዳለውም ያሳያል። ፍሬድሪክ ኖልዴ በፊላደልፊያ የሉተራን ሴሚናሪ መምህር ነበሩ። በ1946 አብያተ ክርስቲያናት ያቋቋሙት የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ኮሚሽን የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው፣ በሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ ውስጥ ስለ ሃይማኖትና ኅሊና ነጻነት የሚናገረው 18ኛው አንቀጽ በሚረቀቅበት ጊዜ ብዙ ደከሙ። መግለጫው ዲሴምበር 10 ቀን 1948 በ48 ድምፅ ሲጸድቅ ኢትዮጵያ ከደገፉት መካከል ነበረች።

ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ከሃያ ዓመታት በኋላ ይኸው ኮሚሽን ነው በዳይሬክተሩ በአርጀንቲናዊው የሕግ ባለሙያ በሊዮፖልዶ ኒሉስ አማካይነት በሱዳን ጉዳይ የገባው። ከኒሉስ ጋር የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ባልደረባ የሆኑት ጋናዊው ኮድዎ አንክራህ፣ እንዲሁም የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ዋና ጸሐፊ በርጀስ ካር ነበሩ። በሜይ 1971 የሁለቱ ድርጅቶች ልዑክ ካርቱም ገባ። ከዚያ ከስደት መሪዎቹ ጋር ተገናኙ፤ በኖቬምበር በአዲስ አበባ የዝግጅት ንግግር ተደረገ፤ በፌብሩዋሪ 1972 ዋናው ስብሰባ ተጀመረ።

ሁለቱም ወገኖች ለመምጣት የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ በጁላይ 1971 ከኮሚኒስቶቹ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተርፈው አዲስ ወዳጅ ይፈልጉ ነበር። ደቡቦቹ በጆሴፍ ላጉ ሥር በመሰባሰባቸው በአንድ አፍ መናገር ችለዋል። አስተናጋጁ የኢትዮጵያ መንግሥትም ከጥቅም ነጻ አልነበረም፤ የኤርትራ ታጣቂዎች ሱዳንን መሸሸጊያ ማድረጋቸው ያሳስበው ነበር። እግዚአብሔር ሰላምን የሚያወርደው ልባቸው ንጹሕ በሆኑ ሰዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጦርነት ዛሬም ባልቆመ ነበር።

ስለዚህ ሽምግልና ጥልቅ ጥናት የጻፉት አገራችን ያፈራቸው የሰላም ምሁር ሕዝቅያስ አሰፋ ናቸው፤ የሱዳንን ጉዳይ የመረመረው መጽሐፋቸው በ1987 ታትሟል። ሸምጋዮቹ ጦር የሌላቸው፣ ገንዘብ አቀርባለሁ ብለው የማያባብሉ፣ የሚያስፈራሩበትም ዱላ የሌላቸው ነበሩ። የነበራቸው ታማኝነት ብቻ ነው። በርጀስ ካር ስብሰባውን በጸሎት ይመሩ ነበር። ከሁሉ የከበደው የጦሩ ጉዳይ ነበር፤ ደቡቦቹ መሣሪያቸውን አስረክበው በሰሜን ወታደር እጅ መውደቅን ፈሩ። በመጨረሻ በደቡብ የሚሰፍረው ጦር 12,000 እንዲሆን፣ ግማሹ 6,000 ከደቡብ እንዲመለመል ተስማሙ። እዚህ ላይ ንግግሩ ሲቆለፍ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ገብተው እኩል በእኩል እንዲሆን መምከራቸው ይነገራል። ማርች 27 ቀን 1972 በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሱዳኑ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማንሱር ኻሊድና ጆሴፍ ላጉ የማጽደቂያ ሰነዶችን ተለዋወጡ።

አባሪው ምን አለ?

አባሪው አጭር ነው፤ በመንፈሳዊ ኮሌጅ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት አንብቦ መወያየት ይቻላል። ማንም ዜጋ ዜግነቱን እንዳይነጠቅ ይላል። ማንም ሕግ ሳይተላለፍ እንዳይቀጣ ይላል። ማንም ሰው ሃይማኖቱንና ኅሊናውን በነጻነት እንዲይዝ፣ በይፋም እንዲመሰክር፣ የሃይማኖት ተቋማትን እንዲያቋቁም፤ ወላጆችም ለልጆቻቸው የሚሰጠውን የሃይማኖት ትምህርት እንዲመርጡ ይላል። የግዳጅ ሥራን ይከለክላል፤ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ይጠይቃል። አናሳ የሆኑ ወገኖች በቋንቋቸው የመጠቀምና ባህላቸውን የማሳደግ ነጻነት እንዲኖራቸው ይላል። አንዱንም አንቀጽ ከደቡቡ ቁስል ለይተን ልናነበው አንችልም። እሑድን የተነጠቀ ሕዝብ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ወላጅ፣ በጁባ ጎዳና ያለ ፍርድ የወደቀ ሰው በውስጡ አሉ።

ድክመቱ ያለው በመግቢያው ዐረፍተ ነገር ነው። እነዚህ መብቶች በሱዳን ሕገ መንግሥት ሊረጋገጡ እንደሚገባ ነው የሚናገረው። ሕገ መንግሥቱ ግን ገና አልተጻፈም ነበር፤ በ1973 ሲጻፍም አንድ ፓርቲ ብቻ በሚፈቀድበት አገር፣ በአንድ ሰው ጥላ ሥር ተጻፈ። በ1973ቱ ሕገ መንግሥት እስልምናም ክርስትናም ተጠቅሰዋል፤ የደቡቡ ክልል ምክር ቤትም በጁባ ከካርቱሙ ይልቅ በነጻነት ይከራከር ነበር። ነገር ግን በ1975 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ሰውን ያለ ፍርድ ለማሰር መንገድ ሲከፈት፣ አባሪው የቆመበት መሬት ተሸረሸረ። በደቡብ በኩል ያለው የውሉ አካል ገና አልተነካም ነበርና ጩኸቱ ሰፊ አልሆነም። የጎረቤት መብት ሲጣስ የራስ መብት ጣራው መክፈቱን ማየት ለማንም ይከብዳል።

ውሉ እንዳይሻር የተጣለው መቀርቀሪያ ጠንካራ ይመስል ነበር፤ ለማሻሻል ከብሔራዊው ምክር ቤት ሦስት አራተኛ ድምፅ፣ ከዚያም በሦስቱ የደቡብ ክፍለ ሀገሮች ሕዝበ ውሳኔ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነበር፤ ቁልፉም በቤቱ ጌታ እጅ። ተኩስ አቁሙን የሚከታተል የጋራ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ ስደተኞችን የሚመልስ አካልም ነበር፤ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር አስተባባሪነት በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ቀዬአቸው ተመለሱ። የአባሪውን መብቶች የሚከታተል፣ አቤቱታ የሚቀበል፣ ለሌሎች መንግሥታት የሚያሳውቅ አካል ግን በሰነዱ ውስጥ የለም።

ምሕረቱም አለ። ከኦገስት 18 ቀን 1955 ጀምሮ ከአመፁ ጋር በተያያዘ በተፈጸመ ድርጊት ማንም እንዳይከሰስ ተወሰነ። ያለዚህ ምሕረት አንድም አንያንያ ከጫካ ባልወጣ ነበር፤ ስለዚህ ሸምጋዮቹን በዚህ መውቀስ አይገባም። የእውነት አጣሪ ኮሚሽን የሚባለውም ልማድ በዓለም ገና አልተጀመረም። ነገር ግን የዋው ሟች ቤተሰብ የደረሰበትን የሚናገርበት ቀን አልተሰጠውም። ምሕረት የተሰጠው ከመስማት በኋላ ሳይሆን በመስማት ፋንታ ነው። ወደዚህ ልዩነት እመለሳለሁ።

አንድ የጎን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ይህ ሁሉ ስለ ጎረቤት አገር የአምልኮ ነጻነት በተጻፈበት በዚያው ዓመት፣ በዚሁ ከተማ፣ ምዝገባ ጠይቃ የተከለከለችው የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን አባላት ለአምልኮ በተሰበሰቡበት በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ታሰሩ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ነቢየልዑል ክፍሌ በሱዳኑ ሰነድ ላይ በምስክርነት ፈርመዋል፤ በሰነዱ ውስጥ ያለው የእምነት አንቀጽ በአዲስ አበባ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ወጣቶች ባልታሰሩ ነበር። ለሌላው ዋስ ለመሆን የሚቀርብ በቤቱ ያለውን ቢመረምር መልካም ነው፤ ይህ ቃል ለመንግሥታት ብቻ ሳይሆን ለቤተ እምነቶቻችንም ይሠራል።

አፈራረሱ

በ1977 ኒሜሪ ከሰሜኑ ተቃዋሚዎቻቸው ጋር ታረቁ፤ እነዚህ ወገኖች ደግሞ የአዲስ አበባውን ውል ከመጀመሪያው አልወደዱትም። በ1978 ቼቭሮን የተባለው ኩባንያ በቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ አገኘ፤ ማጣሪያው የት ይሠራ፣ ወሰኑ የት ይለፍ የሚለው ጠብ ተጀመረ። በሜይ 1983 በቦር የነበረው ጦር አመፀ። በጁን መጀመሪያ ኒሜሪ በአንድ ትእዛዝ ደቡቡን ለሦስት ከፈሉት፤ ሦስት አራተኛም ሁለት ሦስተኛም ድምፅ አልተጠየቀም። በሴፕቴምበር በአገሪቱ ሁሉ ላይ ሸሪዓ ታወጀ። የእጅ መቁረጥ ፍርድ ከደረሰባቸው መካከል ድሆች የካርቱም ሙስሊሞች ይገኙ ነበር፤ በጃንዋሪ 1985 ሕጉን የተቃወሙት ሙስሊሙ ምሁር ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ በስቅላት ተገደሉ። መብት ለአንድ ወገን ብቻ ተጽፎ ለሌላው የማይሠራ ከሆነ ለማንም እንደማይቆይ የሱዳን ሙስሊሞች በደማቸው መስክረዋል።

ፊርማውን ያስተናገዱት ንጉሠ ነገሥት በ1974 ከዙፋን ወርደዋል። ተተኪው ደርግ የጆን ጋራንግን ንቅናቄ በጋምቤላ በኩል አስጠጋ፤ ሰላሙ የተፈረመበት አገር የጦርነቱ ስንቅ ቤት ሆነ። ሁለተኛው ጦርነት እስከ 2005 ዘለቀ፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው በጦርነቱና ባስከተለው ረኃብ እንደ ሞተ ይገመታል። አቤል አሊየር በ1990 ላሳተሙት መጽሐፍ የሰጡት ርእስ ስለ ደቡብ ሱዳን ያልተከበሩ እጅግ ብዙ ስምምነቶች የሚናገር ነው። ፈራሚው ራሳቸው ናቸውና ርእሱ ይከብዳል።

ገባዖን

ስለ ፈረሰ ውል መጽሐፍ ቅዱስ ከኢያሱ ምዕራፍ 9 እስከ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 የሚዘልቅ ታሪክ አለው። የገባዖን ሰዎች በተንኰል ቃል ኪዳን አገኙ፤ የማኅበሩ አለቆች በእግዚአብሔር ስም ማሉላቸው፤ ተንኰሉ ሲገለጥም መሐላውን አላፈረሱም። ብዙ ጊዜ የምንዘለው ቀጥሎ ያለው ነው፤ በምዕራፍ 10 አምስት ነገሥታት ገባዖንን ሲከቡ ኢያሱ ከጌልገላ ተነሥቶ ሌሊቱን ሁሉ ገሠገሠ። መሐላው የሌሊት ጉዞ አስከተለ። ዋስነት ይህ ነው።

ከትውልዶች በኋላ ሳኦል ለእስራኤልና ለይሁዳ ቀንቶ ገባዖናውያንን ፈጀ። ሰበቡ ብሔራዊ ቅንዓት ነበር። በዘመኑ ከሳሽ አልተነሣበትም፤ ውሉን የገቡት ሰዎች ሞተዋል፤ ተበዳዮቹ እንጨት ለቃሚና ውኃ ቀጂ ናቸው። ሦስት ዓመት ረኃብ በሆነ ጊዜ ዳዊት ቢጠይቅ፣ እግዚአብሔር ራሱ ያንን የተረሳ ደም አነሣ። ዳዊት ያን ጊዜ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ገባዖናውያንን ጠርቶ ምን ላድርግላችሁ ብሎ መጠየቅ ነው። የክፍሉ ፍጻሜ አስጨናቂ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰባቱ ሰዎች መሰቀል ለዛሬ አርአያ ነው የሚል አስተማሪ ሪጽፋን ያልተመለከተ ነው። እኔ የማነሣው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ምድሪቱ የተፈወሰችው የተበደለው ሰው ድምፁ ከተሰማ በኋላ ነው። ምሕረትንና እውነትን የሚያጋጥመው መዝሙርም (መዝ. 85) አንዱን በሌላው ፋንታ አያስቀምጥም።

በኋላ የተማሩት

ከ1972 በኋላ የዓለም አቀፍ ሰላም ሠሪዎች ይህን ከብዙ ውድቀት ተማሩት። በኤል ሳልቫዶር መንግሥቱና አማፅያኑ በጁላይ 1990 ስለ ሰብአዊ መብት ብቻ ተስማሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ጦርነቱ ገና ሳይቆም በአገሪቱ ሥራ ጀመሩ። ዋሱ ከሰላሙ በፊት ገባ። ዋናው ስምምነት የተፈረመው በጃንዋሪ 1992 ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም አልነበረም፤ በማርች 1993 የእውነት ኮሚሽኑ ዘገባ በወጣ በአምስተኛው ቀን ምክር ቤቱ አጠቃላይ ምሕረት አወጀ።

በሴራሊዮን በጁላይ 1999 የተፈረመው የሎሜ ስምምነት ብዙ እጅ ለቆረጡት አማፅያን ሙሉ ምሕረት ሰጠ፤ መሪያቸውን ፎዴይ ሳንኮህን የአገሪቱን ማዕድን በሚቆጣጠር ኮሚሽን ላይ አስቀመጠ። ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በአንድነት ያቋቋሙት የሃይማኖቶች ምክር ቤት በሽምግልናው ብዙ ደክሞበታል። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ መልእክተኛ ፍራንሲስ ኦኬሎ ሲፈርሙ ግን ምሕረቱ የዘር ማጥፋትን፣ በሰብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀልንና የጦር ወንጀልን እንደማይሸፍን በእጃቸው ጽፈው ጨመሩ። በሜይ 2000 አማፅያኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላም አስከባሪዎችን አግተው ውሉ ሲፈርስ፣ ልዩ ፍርድ ቤቱ የተከፈተው በዚያች አጭር ማስታወሻ በቀረው በር ነው።

ለተቃራኒው ሐሳብ ታማኝ ለመሆን ሞዛምቢክን መጥቀስ ይገባል። በሳንት ኤጂዲዮ ማኅበረሰብ ሸምጋይነት በሮም የተፈረመው የ1992ቱ ሰላም ክስም የእውነት ኮሚሽንም አልነበረውም፤ ሰላሙ ግን ሃያ ዓመት ያህል ጸና። ይህ እውነታ መብትን ሁልጊዜ በፍርድ ቤት መንገድ ብቻ የሚያስቡትን ሊያስቆማቸው ይገባል። እዚያም ቢሆን የተባበሩት መንግሥታት ብዙ ሺህ ሰላም አስከባሪዎች ከፊርማው በኋላ በአገሪቱ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ለአገልጋዮች የሚጠቅመው ምሳሌ ከዚያው ከሱዳን የመጣ ነው። በደቡቡ ውስጥ ዲንቃና ኑዌር በተፋጁበት ዘመን፣ የአዲሲቱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1999 በዉንሊት ታላቅ ጉባኤ ከፈተ። የአዲስ አበባው ፊርማ ከተደረገ በዚያች ቀን ልክ 27 ዓመት ሆኖት ነበር። እዚህ ስለ ክልልና ስለ ጦር ቁጥር የሚነጋገሩ የሕግ ባለሙያዎች አልነበሩም። የጎሣ አለቆች፣ ሽማግሌዎችና ሴቶች ተቀምጠው በየተራ ተናገሩ፤ የተቃጠለ ቤት፣ የተነዳ ከብት፣ የተጠለፈች ሚስት፣ የተወሰደ ልጅ። አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው ማዳመጥ ነበረበት። ይህ ለቀናት ቆየ። ከዚያ በኋላ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1999 በፊት ለተፈጸመው በደል ምሕረት ታወጀ፤ የተጠለፉት እንዲመለሱ፣ ወሰኑ እንዲጠበቅ ተወሰነ። ምሕረት በሁለቱም ውሎች አለ፤ በዉንሊት ግን የመጣው የተበደለው ከተናገረ በኋላ ነው። የጉባኤው ውሳኔም የተጠለፉትን በስም አንሥቶ የሚከታተል ሰው የሚያስፈልገው ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ከጉባኤው በኋላ ሥራ አገኘች።

ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ወጣች፤ በዲሴምበር 2013 ከራሷ ጋር ተዋጋች። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2018 የታደሰው የሰላም ስምምነት እንደገና በአዲስ አበባ ተፈረመ። አምስተኛው ምዕራፉ የእውነት፣ የዕርቅና የፈውስ ኮሚሽን፣ የካሣ ባለሥልጣን፣ እንዲሁም ከአፍሪካ ኅብረት ጋር የሚቋቋም ቅይጥ ፍርድ ቤት ያዝዛል። በ1972 ያልነበረ አንድ ነገርም አለ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተልና የሚገመግም የጋራ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ በአባላቱ መካከልም የእምነት መሪዎች ወንበር አላቸው። ኮሚሽኑ በየሦስት ወሩ ዘገባ ያወጣል። ዓመታት አልፈውም ስለ ቅይጥ ፍርድ ቤቱ የሚዘግበው ያው ነው፤ አልተቋቋመም።